ሞቶ የተመዘገበው ጠመንጃ

እጁ ከዓይኑ ቀደመ። ዓይኑ ገና ጠመንጃው ላይ የተንጠለጠለውን ካርድ እያነበበ ሳለ፣ ግራ መዳፉ ከሰደፉ አንገት በታች ያለችውን ትንሽ ጎድጓዳ አገኛት፤ አውራ ጣቱም በረቱን እንደሚያውቅ ጥጃ ሰተት ብሎ ገባባት። ሞረድ ደነገጠ። ያቺን ጎድጓዳ ለገዛ አውራ ጣቱ ለክቶ የፈለፈላት ራሱ ነበር፤ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት፣ በሃያ ሁለት ዓመቱ።

ሞረድ አባቱ ያወጡለት ስም አይደለም። ገና ከልጅነቱ ጀምሮ ብረት ሲሞርድ ስላደገ መሣሪያው ስሙን ወረሰው። ወዳጆቹ፣ "ብረት ብቻ መሰላችሁ? ወሬም ይሞርዳል። አንድ ቃል ሊናገር ሦስቱን ፍቆ ይጥላል" ይሉታል። የሚሠራው በጦር መሣሪያ ምዝገባ ቢሮ የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ክፍሏ ፍርግርግ ያለባት አንዲት መስኮት፣ ብረት ጨብጦ የሚይዝ ሞርሳ የታሰረበት ጠረጴዛና አንገቱ የሚታጠፍ መብራት አላት። መውጫዋ አንድ ብቻ ነው፤ ጠባብና ረጅም ኮሪደር። ሰዎች ጠመንጃ ያመጡለታል፤ እሱም ምን እንደሆነ፣ የት እንደተሠራ፣ ማን እንደነካካው በሦስት መስመር ይጽፋል። አሥራ አንድ ዓመት ጽፏል። አንድም ቀን "ተሳስተሃል" ያለው የለም። "ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሸው ያዡ ነው" ይላል ለአዳዲስ ሠራተኞች።

ካርዱ ላይ እንዲህ ተጽፏል፦ "ካራቢን። ከወታደር ጠመንጃ ላይ ተቆርጦ ለአደንና ለጥበቃ እንዲሆን የተለወጠ። የት እንደተሠራ፣ ማን እንደለወጠው፣ ከማን እጅ እንደወጣ ይጣራ። ያዡ በቁጥጥር ሥር ነው።"

ያዡ የዱቄት ፋብሪካ ዘበኛ ነው። መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስመዝግብ የሚል ትእዛዝ በወጣ ማግስት፣ ማንም ሳይቀድመው፣ ጠመንጃውን ዘይት ቀብቶ በንጹሕ አንሶላ ጠቅልሎ መጣ። ሊመሰገን ነበር የመጣው። መርማሪው ቁጥሩን ኮምፒውተሩ ላይ ሲያስገባ ግን፣ ያ ቁጥር ያለው ጠመንጃ ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት በእሳት መቅለጡን፣ ሁለት ምስክሮችም መፈረማቸውን የሚገልጽ መስመር ወጣ።

"ይህ ጠመንጃ የለም" አለ መርማሪው።

"ታዲያ ይሄ የያዝኩት ምንድን ነው? ምርኩዝ?" አለ ዘበኛው።

ቀልዱ አልተወደደለትም። ቀልጧል የተባለ መሣሪያ በእጁ የተገኘ ሰው፣ ወይ ከእሳቱ አፍ ሰርቋል ወይ የሰረቀውን ያውቃል ተባለ። ከማን አገኘኸው ሲሉት፣ ከእሱ በፊት ከነበረው ዘበኛ። እሱስ? ከድሮው የፋብሪካ ባለቤት። እሱስ? ከአንድ አዳኝ። ሁሉም ከሰው ነው የተቀበለው፤ ሰዎቹ ግን አንድ በአንድ አፈር ለብሰዋል። ዘበኛው ያለ ምስክር ከታሰረ አሥር ቀን ሆኖታል።

ሞረድ ይህን ሁሉ የሰማው ከመርማሪው ነው። የሰማ መስሎም አልታየ። በሩን ዘጋና ጠመንጃውን በሞርሳው ቆዳ ለበስ መንጋጋ መካከል አሰረው። አፈሙዙ የአንድ አገር ነው፤ መካከለኛው አካል፣ ጥይቱ የሚገባበት፣ የሌላ። እንጨቱ ደግሞ የማን እንደሆነ አይታወቅም። አንድ ላይ ሲሆኑ ግን፣ ከሦስት መንደር መጥተው አንድ ጣሪያ ሥር እንደተዳበሉ ሰዎች፣ እንዴት ተዋደው ነበር! መገጣጠሚያቸው ላይ ፀጉር እንኳ አያሳልፉም። በዚያ ዕድሜው እንዲህ ዓይነት እጅ እንደነበረው ረስቶት ኖሯል። ለአፍታ ኮራ። ወዲያው ደግሞ የኮራበት ነገር ሊያስረው እንደሚችል አሰበ።

ያኔ የሚሠራው ጦሩ የማይፈልገው መሣሪያ የሚከማችበት ግቢ ውስጥ፣ ረጅም የቆርቆሮ ዳስ ሥር ነበር። ጠመንጃዎቹ በሣጥን ታሽገው፣ እንደ ሞራ በወፈረ ቅባት ተለውሰው ይመጣሉ። የማን ጦር እንደተሸከማቸው የሚያውቅ የለም፤ የሸጣቸው ሰው አርማቸውን ፍቆ ነው የሚልካቸው። ሠራተኞቹ ቅባቱን ይጠርጋሉ፣ አፈሙዙን ያሳጥራሉ፣ የሳንጃ ማሰሪያውን ይቆርጣሉ፣ የጥይቱን ማደሪያ ለሌላ ዓይነት ጥይት አስፍተው ይቦረቡራሉ፣ ሰደፉን ያሳሳሉ። ወታደር ሆኖ የገባው ዘበኛ ሆኖ ይወጣል። አለቃቸው፣ "እዚህ ቤት እጅ ይሠራል፣ አፍ ያርፋል" የሚል ሰው ነበር።

አፍ ሲያርፍ እርሳስ ይናገራል። በሰደፉ ጫፍ ላይ በሁለት ብሎን የሚታሰር የብረት ሽፋን አለ። ከሽፋኑ ሥር ያለውን እንጨት ጠመንጃው እስኪሰበር ድረስ ማንም አያየውም። ሠራተኛው ሁሉ አንድ ጠመንጃ በጨረሰ ቁጥር እዚያች ላይ በእርሳስ ስሙን ይጽፋል። ያዘዘው የለም፤ የከለከለው የለም፤ አለቃውም አላየሁም ብሎ ያልፋል። ሞረድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ብቻውን የሠራውን የመጀመሪያ ጠመንጃ ጨርሶ ሊጽፍ ሽፋኑን ሲፈታ፣ ቦታው ተይዞ አገኘው። አንድ ሰው፣ በማያውቀው ፊደል፣ አንድ መስመር ጽፎበት ነበር። ስም ይሁን፣ እርግማን ይሁን፣ የሴት ልጅ መጠሪያ ይሁን አልታወቀውም። ሞረድ እንደ ጎረቤት ከሥሩ ጻፈ፦ "ሞረድ። የመጀመሪያዬ።"

በዚያው ሳምንት ተቆጣጣሪ መጣ። የሞረድ ካራቢን መካከለኛ አካሉ ላይ የነበረው ቁጥር ከመምጣቱ በፊት በሞረድ... በሌላ ሰው ሞረድ ተፍቆ ኖሯል። ቁጥር የሌለው ጠመንጃ ይቅለጥ፤ ሕጉ ይህ ነው። የዚያን ዕለት አፈሙዙ የፈነዳ ሌላ ጠመንጃም ወደ እሳት ይሄድ ነበር፤ ቁጥሩ ግን ደህና ነው። ሞረድ በምሳ ሰዓት ዳሱ ባዶ ሲሆን የፈነዳውን ቁጥር በካራቢኑ ላይ በመዶሻ መታው፤ የፈነዳውን ደግሞ ፍቆ ቁጥር አልባ አደረገውና በካራቢኑ ፈንታ ወደ እሳቱ ላከው። እና ከሰዓት በኋላ፣ ምስክር ጎድሏል ሲባል፣ የቀለጡት ዝርዝር ላይ ራሱ ፈረመ። ዝርዝሩ ውስጥ ያ ቁጥር ከጧት ጀምሮ ሰፍሯል። ምን አለበት አለ በልቡ፤ የሞተ ይሰረዛል፣ የተሰረዘውን ማን ያየዋል? ከሰነድ ጋር የማይተዋወቅ የእጅ ባለሙያ ስሕተት ነበር። መንግሥት የሕያዋኑን መዝገብ ይጥል ይሆናል እንጂ የሟቾቹን እንደማይጥል አላወቀም።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ የስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። ልብስ ሰፊ ናት፤ ስትሠራ ከንፈሮቿ መካከል ሦስት አራት መርፌ ትይዛለች፤ በመርፌዎቹ መካከልም አሳምራ ትናገራለች። ነገራት። እሷ ሰው ሲሳሳት ሳይሆን ሲያስብ ነው የምትናደደው።

"አንተ ሰውዬ፣ ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ዝም ላለ ብረት ዛሬ ምላስ ልትቀጥልለት ነው?"

"ሰውየው ታስሯል እኮ።"

"እሱ ከወጣ አንተ ትገባለህ። እስር ቤት እንደሆነ ሰው ጎድሎበት አያድርም።"

"ሰደፉ ላይ ስሜ አለ።"

"ፋቀዋ! ስምህ ሞረድ አይደለም እንዴ?"

ልክ ነበረች። ሁለት ብሎን፣ አንድ ቁራጭ ብርጭቆ ወረቀት፣ ግማሽ ደቂቃ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ማስረጃ የድሮው ፊርማው ብቻ ነው፤ ዋናው መዝገብ ከመጋዘን ቢመጣ እንኳ ፊርማው የሚመሰክረው ለእሱ ነው፦ ይህ ሰው ጠመንጃው ሲቀልጥ አይቷል፣ እንግዲህ የሰረቀው ሌላ ነው። እውነተኛ ምስክር ይሆናል። ዘበኛው ደግሞ እውነተኛ ሌባ።

"ሚስት አለችው?" አለች ሚስቱ።

"አለችው። ኮሪደሩ ላይ ትቀመጣለች። በየቀኑ።"

መርፌዎቹን ከአፏ አወጣች። "ምን ይዛ?"

"ምሳ ዕቃ።"

"ይቀበሏታል?"

"አንዳንድ ቀን።"

ሚስቱ መኪናዋን መርገጥ ጀመረች፤ መርፌው ወጣ ገባ፣ ወጣ ገባ አለ። ሞረድ ዝቅ ብሎ ሲያይ ክር አልነበረበትም።

በማግስቱ በኮሪደሩ ማለፍ ነበረበት። ሌላ መንገድ ቢኖር ዙሪያ ጥምጥም ይሄድ ነበር። ከግድግዳው ጋር የተጣበቀ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ሰው በብዛት የተቀመጠበት ቦታ ላይ ቀለሙ ለቆ እንጨቱ ያብለጨልጫል። የዘበኛው ሚስት እዚያ ናት። አነስ ያለች፣ ቀጥ ብላ የምትቀመጥ ሴት ናት። ጭኗ ላይ ምሳ ዕቃ፣ ምሳ ዕቃው ላይ ሁለት እጇ።

"እንደምን አደሩ አባቴ?"

"ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን።"

"ያ ጠመንጃ ምን አለ?"

ሞረድ ቆመ። በሕይወቱ ብዙ ሰው ስለ ጠመንጃ ጠይቆታል፤ ጠመንጃው ምን እንዳለ የጠየቀው ግን አልነበረም።

"ገና... ገና እያየሁት ነው እህቴ።"

"ይናገራል ይላሉ እኮ እርስዎ ጋ ሲደርስ። እኔማ ሃያ ሁለት ዓመት አልጋዬ ሥር አድሮ አንድ ቀን ትንፍሽ ብሎልኝ አያውቅም። ባሌም ቢሆን ተኩሶበት አያውቅም፤ አንድ ጊዜ ድመት ሊያስፈራራ አንስቶት ነበር፣ ድመቷ አልፈራችም።" ሳቅ ልትል ሞከረችና ተወችው። "ጌታዬ፣ ፋብሪካው ነገ ሌላ ሰው እቀጥራለሁ ብሏል። ከነገ በፊት ቢናገርልን።"

ክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ። እስከ ምሳ ሰዓት ሌሎች ጠመንጃዎችን አየ፤ ጻፈ፤ አንዱንም አያስታውስም። ካራቢኑ ከሞርሳው ላይ ሆኖ ያየዋል። ሠራተኞቹ ለምሳ ሲወጡ ካቻቢቴውን አነሳ። ያኔም የምሳ ሰዓት ነበር። ብሎኖቹ ትንሽ አንገራግረው ተፈቱ። ሽፋኑ ሲነሳ የድሮ ቅባት ሽታ ወጣ፤ የዳሱ ሽታ፣ የሃያ ሁለት ዓመት ዕድሜው ሽታ። ጽሑፉ አለ። እርሳስ ከብረት ይበልጥ እንደሚቆይ ማን ያምናል? ከላይ ያ የማይነበብ መስመር፣ ከሥሩ "ሞረድ። የመጀመሪያዬ።" ፊደሎቹ ትልልቅ ናቸው፤ እንደ ኩሩ ልጅ ደረታቸውን ነፍተዋል።

ብርጭቆ ወረቀቱን አስጠጋ። አንድ ጊዜ ሳብ አደረገው። የመጨረሻው "ዬ" እግሩ ጠፋ፤ ነጭ የእንጨት ዱቄት ጠረጴዛው ላይ ቦነነ። እንዲህ ቀላል ነው። ሁለተኛ ሊስብ ሲል ግን ሁለቱ መስመሮች ምን ያህል እንደተጠጋጉ አየ። ያኔ ቦታ ጠቦት የራሱን ፊደል አናት ከዚያኛው ሰው ፊደል እግር ጋር አቆላልፎታል። የራሱን ብቻ መፋቅ አይቻልም። ያ ሰው ደግሞ የትም ይሁን የት፣ ከዚህች የእንጨት ቁራጭ ሌላ በዚህ ዓለም ላይ ምልክት ይኑረው አይኑረው ማን ያውቃል? ሞረድ ስሙን እንኳ ለማያውቀው ሰው አዘነ። ወዲያው ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ ታስሮ ላለው፣ ሊያውቀው ለሚችለው ሰው አለማዘኑ ገረመው።

ከኮሪደሩ የሴትዮዋ ድምፅ ተሰማ፤ ከጥበቃው ጋር ትነጋገራለች። "ዛሬም አይገባም? እሺ። አሙቄው ነበር የመጣሁት። እሺ፣ ምንም አይደል።" አልጮኸችም። ብትጮህ ኖሮ ምናልባት ሁለተኛ ጊዜ ይስብ ነበር።

ጠመንጃውን ከሞርሳው ፈታና እንዳለ፣ ሽፋኑ እንደተከፈተ፣ ይዞት ወደ መርማሪው ቢሮ ሄደ።

መርማሪው ልጁ የሚሆን ወጣት ነው፤ ጨዋ፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ። ሞረድ ጠረጴዛው ላይ ሰደፉን አዙሮ አስቀመጠለትና ባልተለመደ ሁኔታ ሳይሞርድ ተናገረ። ስለ ዳሱ፣ ስለ ቁጥሩ፣ ስለ ፊርማው፣ ከደቂቃዎች በፊት ስለፋቃት የ"ዬ" እግር እንኳ። መርማሪው ሲሰማ ቆየና ብድግ ብሎ በሩን ዘጋ።

"ጋሼ፣ እባክዎ ብሎኑን መልሰው ይሰሩት።"

"ምን?"

"ይሰሩትና ይሂዱ። እኔም አላየሁም።"

ሞረድ የድሮ አለቃው ከመቃብር የተነሳ መሰለው።

"ይህ ቢሮ በእርስዎ ቃል አራት ሺህ ጠመንጃ መዝግቧል" አለ መርማሪው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "እርስዎ ቁጥር ይቀያይሩ ነበር ከተባለ፣ አራት ሺውም እንደገና ይታይ ይባላል። አራት ሺህ ሰው ጠመንጃውን ተሸክሞ እዚህ ኮሪደር ላይ ሲሰለፍ ይታይዎታል? አንዱን ላድን ብለው አራት ሺውን ሊያሳብዱብኝ ነው?"

"የቀየርኩት አንድ ነው።"

"እሱን እኔ አምንዎታለሁ። ወረቀት ግን አያምንም።"

"እሺ፣ ሰውየውስ?"

መርማሪው ጣሪያውን አየ። "ይጣራል።"

"የሚጣራው ተጣርቶ አልቋል፤ ይኸው ጠረጴዛህ ላይ ነው" አለ ሞረድ። ዞር ብሎ በሩን ከፈተ። መክፈት ብቻ ነው ያደረገው። ኮሪደሩ ላይ የዘበኛው ሚስት ቀጥ ብላ እንደተቀመጠች ነበረች፤ መርማሪውና እሷ ተያዩ። "እህቴ፣ ጠመንጃው ተናገረ" አላት። "እኔ ነኝ የሠራሁት። ባልሽ ከሰው ተቀበለ እንጂ አልሰረቀም።"

ከዚህ ወዲያ ብሎን ቢታሰር ምን ዋጋ አለው? መርማሪው ተነፈሰና ኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠ። የእምነት ቃል ቅጽ አወጣ። ማን ለወጠው? ተሞላ። መቼ? ተሞላ። ከዚያ ጣቱ ቆመ።

"የተሠራበት አገር?"

"አይታወቅም።"

"ጋሼ፣ 'አይታወቅም' የሚባል አገር የለም። ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።"

"እኔም የማውቀው ከሣጥን መውጣቱን ነው። ሦስት ጠመንጃ ነው አንድ የሆነው። አፈሙዙን በሚመስለኝ ልንገርህ፤ መካከሉን አላውቅም፤ እንጨቱንማ ፊደሉን ያነበበ ይንገርህ።"

መርማሪው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ሄደበት። የዓለም አገር ሁሉ ተሰልፎ አለ፤ አንዱም አልሆነም። ሳጥኗ ካልተሞላች ቅጹ አይዘጋም፤ ቅጹ ካልተዘጋ ሞረድ ክስ ይመሥረትበት አይመሥረትበት አይወሰንም። እስከዚያው ከግቢ አይውጡ ተባለ። ጠመንጃውም ማስረጃ ነው፤ እስከዚያው አይቀልጥም፣ አይመለስም። የክፍሉን ቁልፍ ተቀበሉትና ካራቢኑን በራሱ ክፍል፣ በራሱ ሞርሳ ላይ ቆለፉበት። እሱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

ከሰዓት በኋላ ዘበኛውን ፈቱት። ረጅም ሰው ነው፤ የጫማውን ክር ወስደውበት ስለነበር እየጎተተ መጣ። ሚስቱ ተነሥታ ትከሻውን በመዳፏ ጠረግ ጠረግ አደረገችው፤ ምንም አልነበረበትም። በዓይኗም ሞረድን አሳየችው።

"አንተ ነህ?" አለ ዘበኛው።

"እኔ ነኝ።"

ዘበኛው ለረጅም ጊዜ አየው። ሞረድ ስድብ ጠበቀ፤ ቢመታኝም አይከፋኝም ብሎ አሰበ።

"አሥራ አንድ ቀን! ለጠመንጃ ዘመድ ስፈልግ፣ ከመቃብር ሰው ስጠራ ከረምኩ። ለካ አባቱ ከግድግዳው ወዲህ ቁጭ ብሏል!"

"ይቅር በለኝ።"

"ይቅርታውን ቀስ ብለን እናየዋለን። ጠመንጃዬስ?"

ሞረድ ከሰደፉ ጽሑፍ ጀምሮ ሁሉንም ነገረው። ዘበኛው ያለ ጠመንጃ ፋብሪካው እንደማይመልሰው ያውቃል፤ ሚስቱም ታውቃለች። የተፈታ ሰው የሚሄድበት ቦታ ያስፈልገዋል። በሩ ክፍት ነበር፤ ውጭ ፀሐይ አለ። ዘበኛው በሩን አየ፣ ክር የሌለውን ጫማውን አየና፣ መጥቶ ከሞረድ ጎን ተቀመጠ። ሚስቱም ከወዲያ በኩል። ምሳ ዕቃውን ከፈተችው፤ በርዷል፤ ሦስቱም በሉ።

ጥቂት ቆይቶ የሞረድ ሚስት ከኮሪደሩ ጫፍ ብቅ አለች፤ እሷም ምሳ ዕቃ ይዛለች። ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። "ጠጋ በሉ እንግዲህ" አለች።

"እዚያ እንጨት ላይ ከአንተ በላይ የጻፈው ሰውዬ..." አለ ዘበኛው እያላመጠ፣ "ምን ይላል?"

"አላውቅም። ፊደሉን አላውቀውም።"

"እና ሁለት ሰው አዝዬ ነዋ ሃያ ሁለት ዓመት ስዞር ያደርኩት!" ትከሻውን አሸት አሸት አደረገ። "እኔስ ይህ ነገር ምን በላ፣ ከቀን ቀን የሚከብደው እል ነበር!"

ሚስቱ ሳቀች፤ በአሥራ አንድ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ። የሞረድ ሚስትም ሳቀች። ሞረድ ራሱ ሊስቅ ሲል የመርማሪው በር ተከፈተና አንድ ስም ተጠራ። አባቱ ያወጡለት ሙሉ ስም ነበር፤ ከልጅነቱ ወዲህ ማንም በዚያ ስም ጠርቶት አያውቅም። ሞረድ የተጠራውን ሰው ለማየት እንደ ሌሎቹ ወደ ኮሪደሩ ጫፍ ዞረ፤ ሚስቱ ክርኑን እስክትነካው ድረስም አልተነሳም።